የቅዳሜና እሁድ ሥራ ዋጋው ሰኞ ጠዋት ይታወቃል፦ ሩቅ ከተማ ስለሚገኝ ተጨማሪ የነርስነት ሥራ

(ይህ ጽሑፍ የነርሲንግ ትምህርት ክፍል ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለሌሎች ታዳሚዎች ክፍት አድርጎ ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ በቃል የቀረበ ገለጻ ነው። ለንባብ እንዲያመች መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።)



በየዓመቱ ከምረቃ በኋላ ባሉት ወራት የቀድሞ ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ሲስተር፣ አዳማ የቅዳሜና እሁድ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልያዘው ወይስ ልተወው?» ይሉኛል። አንዳንዱ ደብረ ብርሃን ይላል፤ ሌላው ሐዋሳ። የከተማው ስም ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው። በአዘቦት ቀን በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ነርስ፣ ርቆ በሚገኝ የግል ተቋም የሳምንቱን መጨረሻ ቢሠራ ያዋጣዋልን?

ጥያቄው የጓዳ ጉዳይ ስለሚመስል በክፍል ውስጥ አናነሣውም። እኔ ግን የሙያ ጥያቄ ነው እላለሁ። መልሱ የሚነካው የነርሷን ኪስ ብቻ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት እጇ ላይ የሚወድቀውን ሕመምተኛም ነውና። ዛሬ «ያዙ» ወይም «ተዉ» ልላችሁ አልመጣሁም። ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ ነው የመጣሁት። እኔ ራሴ ይህን ስሌት የሠራሁት ዘግይቼ ነበርና ከዚያ ልጀምር።

እንዴት እንደሄድኩ

ከመምህርነቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርስ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ የግል ኮሌጅ ገብቶ ክፍያው በእኔ ላይ ወድቆ ነበር፤ የቤት ኪራይም በዚያው ዓመት ጨመረ። በዚህ መሐል አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ስልክ ደውላ አዳማ የሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ልምድ ያላቸው ነርሶች ለቅዳሜና እሁድ እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ሥራው ሁለት የ12 ሰዓት ተራ ነው። የቀረበልኝ ገንዘብ በሰዓት ሲካፈል ከመደበኛ ደመወዜ በብዙ ይበልጥ ነበር። በዚያው ስልክ ላይ «እሺ» አልኳት።

እሺ ከማለቴ በፊት የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስንት ይከፍላሉ?» ልጠይቅ የሚገባኝ ግን «ይህ ገንዘብ ከየትኛው ሰዓቴ ይቆረጣል?» የሚለውን ነበር።

ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም

ከአዲስ አበባ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የፍጥነት መንገድ ከተሠራ ወዲህ ብዙ ሰው አዳማን እንደ ጎረቤት ይቆጥራል። እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር። ቤቴ ግን ሽሮ ሜዳ ነበር። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ከሰሜን ጫፍ እስከ ቃሊቲ ከተማውን በሙሉ በመጨናነቅ ውስጥ አቋርጣለሁ። ከዚያ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ አለ። አዳማ ከደረስኩ በኋላ ደግሞ ባጃጅ አለ። በጠቅላላው ከደጃፍ እስከ ደጃፍ 4 ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ትንሹ ክፍል የፍጥነት መንገዱ ነው። ቀሪው የከተማችን መንገድና የመናኸሪያ ጥበቃ ነው።

እሁድ ተራዬን ከምሽቱ 2 ሰዓት ስጨርስ በዚያ ሰዓት መጓዝን ስለምፈራ እዚያው አድሬ ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሣለሁ። መንገዱ በዚያ ሰዓት ክፍት ስለሆነ 3 ሰዓት ያህል ይበቃኛል። በቀጥታ ወደ ዋናው ሥራዬ ገብቼ ጋዋኔን እለብሳለሁ።

አሁን እንቁጠር። ዓርብ 11 ሰዓት ተኩል ከሥራ ከወጣሁበት ቅጽበት አንሥቶ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሥራ እስከምገባ ድረስ 63 ሰዓት አለ። ከዚህ ውስጥ የሚከፈለኝ 24 ሰዓት ነው። 7 ሰዓት ጉዞ ነው። ሪፖርት ለመቀበልና ለማስረከብ በየተራው ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ስለምገባና ዘግይቼ ስለምወጣ 2 ሰዓት ይጨመራል። ስለዚህ ለሥራው የምሰጠው 24 ሳይሆን 33 ሰዓት ነው። ቀሪውን 30 ሰዓት የማሳልፈው በተከራየሁት አልጋ ላይ ነው፤ ከእናቴም፣ ከወንድሜም፣ ከዕድሬም፣ ከጓደኞቼም ርቄ። «የቅዳሜና እሁድ ሥራ» የሚለው ስም ዓርብ ማታንና ሰኞ ንጋትን አይጨምርም፤ ሥራው ግን ይወስዳቸዋል።

ገንዘቡን እንደ ገና ማስላት

ለማስተማሪያ እንዲመች ክብ ቁጥሮች ልውሰድ፤ የየትኛውም ተቋም ክፍያ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። ለሁለቱ ተራ የሚከፈለው 3,300 ብር ይሁን። ለ24 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 137 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በስልክ የምንሰማው ይህንን ነው።

የመቀጠር ገቢ ግብር በሀገራችን በእርከን የሚያድግ ሲሆን ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ነው። የሁለተኛው ሥራ ገቢ በመጀመሪያው ደመወዝ ላይ ሲደረብ የሚያርፈው ከታችኛው እርከን ሳይሆን ከላይኛው ነው። በምሳሌያችን 20 በመቶ እንበል፤ 660 ብር ይቀነሳል፣ 2,640 ይቀራል። ለትራንስፖርት፣ ለሦስት ሌሊት አልጋና ለምግብ 990 ብር ይውጣ። እጃችን ላይ 1,650 ብር ይቀራል። ይህንን ለ24 ሳይሆን ለ33 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 50 ብር ይሆናል። 137 ብር ከ50 ሳንቲም ብሎ የጀመረው ሥራ በ50 ብር ተቋጨ ማለት ነው።

አሁን ከቤታችሁ ግማሽ ሰዓት ርቆ የሚገኝ ሌላ አማራጭ አስቡ። በራሳችሁ ሆስፒታል የሚገኝ ዱቲ ወይም ተቋሙ የግል ሕክምና ክፍል ካለው በዚያ የሚሠራ ተጨማሪ ተራ ሊሆን ይችላል። በሰዓት 90 ብር ይክፈል፤ 8 ሰዓት ብትሠሩ 720 ብር ነው። በዚያው መጠን ግብር 144 ብር፣ ለታክሲ 36 ብር ሲቀነስ 540 ብር ይቀራል። ከነመመላለሻው 9 ሰዓት ስለሆነ በሰዓት 60 ብር ይሆናል። በወረቀት ላይ አነስተኛ የነበረው ክፍያ በእጅ ላይ በለጠ። አበው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ሲሉ ስለ ዱቲ ባያስቡም ሒሳቡ ግን ያው ነው።

ሕጉ ምን ያያል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በየሰባት ቀኑ ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖርም ያዛል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ለትርፍ ሰዓት የሚከፈለው ቀን ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

ከዚህ ተነሥታችሁ «እሁድ ስለምሠራ እጥፍ ይከፈለኛል» ብላችሁ አትገምቱ። ለቅዳሜና እሁድ ተብሎ ለተቀጠረ ሰው እሁድ የዕረፍት ቀኑ ሳይሆን መደበኛ የሥራ ቀኑ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን አንብቡ፤ በየተራው ከ8 ሰዓት የሚያልፈው 4 ሰዓት እንዴት እንደሚታሰብም ጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ደግሞ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ ከዋናው መሥሪያ ቤቱ ጋር የገባው ግዴታ ሌላ ሥራ ይፈቅድለት እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ድንጋጌም አለ። ሠራተኛው ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ የሚደርስበት ጉዳት በሥራ ላይ እንደ ደረሰ የሚቆጠረው ድርጅቱ ባቀረበው የሠራተኞች መኪና ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው ተሽከርካሪ ሲጓዝ ነው። እኔ ግን በሰባት ወር ውስጥ የተጓዝኩት ሁልጊዜ በሕዝብ ሚኒባስ ነበር። አንድ አደጋ ቢደርስብኝ ኖሮ ጉዞው የእኔ የግል ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር ማለት ነው። «ሰርቪስ አላችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የምቾት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ልብ በሉ። ሁለት አሠሪ ያለው ሰው ሰዓቱን የሚደምርለት የለም። አንደኛው አሠሪ የአዘቦቱን ሰዓት ያያል፤ ሁለተኛው የቅዳሜንና የእሁድን። ሁለቱም መዝገቦች ለየብቻቸው ንጹሕ ናቸው። እኔ በሳምንት 39 ሰዓት በአንዱ፣ 24 ሰዓት በሌላው ስሠራ ድምሩ 63 መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት በየትም አልነበረም። ያለ ዕረፍት ቀን ሰባት ወር መሥራቴንም የመዘገበ አልነበረም። ድምሩ ያለው እናንተው ዘንድ ብቻ ነው።

ሰውነት ግን ይደምራል

መዝገቦቹ ያልደመሩትን ሰውነት ይደምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የሥራ ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይተዋል። በ2004 አን ሮጀርስና ባልደረቦቿ በአሜሪካ 393 የሆስፒታል ነርሶች የየዕለት ማስታወሻ እንዲይዙ አድርገው ባጠኑት ጥናት ደግሞ 12 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ በሚረዝም ተራ ላይ ስሕተት የመፈጸም ዕድል ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 ይፋ ባደረጉት ትንተና በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋን በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋን ደግሞ በ17 በመቶ እንደሚያሳድግ ተገምቷል።

እነዚህን ጥናቶች ያኔ አላነበብኳቸውም። እኔን ያስተማረችኝ አንዲት የሰኞ ጠዋት ናት።

በአምስተኛው ወር ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ከአዳማ መጥቻለሁ። ክፍላችን ውስጥ 4 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ነበር፤ የታዘዘለት 20 ሚሊ ግራም ጄንታማይሲን ነው። የሕፃናቱ አምፑል በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም፣ የአዋቂዎቹ ደግሞ በዚያው 2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ይይዛል። እጄ የለመደው «ሙሉ አምፑል፣ 2 ሚሊ ሊትር» ስለሆነ ያንኑ ቀዳሁ። አጠገቤ የነበረችው ባልደረባዬ ባዶውን አምፑል አንሥታ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ ይሄ የትኛው ነው?» አለችኝ። የ80ው ነበር፤ አራት እጥፍ። መድኃኒቱ ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ እንደሚችል ለተማሪ የምናስተምረው የመጀመሪያ ነገር ነው።

መርፌው አልተወጋም። የሕፃኑ እናት ምን እንደ ተፈጠረ አላወቀችም፤ እንዲያውም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲስተር» ብላ መረቀችኝ። ያንን ምርቃት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ አልተገባኝም ነበርና። የሆነውን ለክፍሉ ኃላፊ ነግሬ አስመዘገብኩ። ቤቴ ስገባ ወረቀትና እርሳስ አነሣሁ፤ ቅድም ያሳየኋችሁን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት በዚያ ምሽት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት እኔ ራሴ ነበርኩ።

ሥራው የሰጠኝ ነገር

እውነቱን ለመናገር ሥራው ጥቅም አልነበረውም ማለት አልችልም። የወንድሜን የአንድ መንፈቅ ክፍያ ሸፍኖልኛል። ከገንዘቡ ይልቅ የበለጠ ያተረፍኩት ግን ሌላ ነው። አዳማ የሠራሁት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስለነበር በሕፃናት ክፍል የማላገኘውን ተማርኩ፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራን ማንበብ፣ ብዙ ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ማንን ማስቀደም እንዳለብኝ መለየት። ኋላ ወደ መምህርነት ስሻገር ይህ ልምድ መንገድ ከፍቶልኛል። ነገር ግን ይህን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተምሬው ጨርሼ ነበር። ቀሪዎቹን አራት ወራት የሠራሁት ስለ ለመድኩት ብቻ ነው።

የቅዳሜና እሁድ ሥራ በራሱ ክፉ እንዳልሆነም ልናገር። ዳላስ ከተማ የሚገኘው ቤይለር የሕክምና ማዕከል በ1980ዎቹ መጀመሪያ የነርስ እጥረት ሲገጥመው፣ ቅዳሜና እሁድ ሁለት የ12 ሰዓት ተራ ለሚሠሩ ነርሶች የሙሉ ሳምንት ያህል ደመወዝ መክፈል ጀመረ። አሠራሩም በሌሎች ሆስፒታሎች ዘንድ በዚያው ስም ታወቀ። በዚያ አሠራር ሁለቱ ቀናት ዋናው ሥራ ናቸው፤ ቀሪዎቹ አምስት ቀናት የነርሷ ናቸው። የእኛ ችግር እሁድ መሥራታችን ሳይሆን ከእሁድ በኋላ ሰኞ መኖሩ ነው።

ለመወሰን የሚረዱ ጥያቄዎች

ስለዚህ አንድ ተማሪዬ ዛሬ ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ስንት ሰዓት ነው? ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት አንድ ዓርብ ማታ በትክክለኛው ሰዓት ሂዱና ሰኞ ንጋት ተመለሱ። አንድ የሙከራ ጉዞ ከብዙ ግምት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ግብርና ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ለሁሉም ሰዓት ሲካፈል ስንት ይቀራል? ቅርብ ካለው አማራጭ ካልበለጠ ገንዘብ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛ፣ የምትሄዱበት ነገር ስምና ማብቂያ ቀን አለውን? «የወንድሜ የሁለት መንፈቅ ክፍያ» ስም አለው፤ «ትንሽ ገንዘብ ልያዝ» ግን ስም የለውም። «ድንገተኛ ክፍል ለመልመድ፣ እስከ ጥር» የሚለው ዓላማ ጥር ሲደርስ ያበቃል።

አራተኛ፣ ሰኞ ጠዋት ማን ይጠብቃችኋል? ከእሁድ ተራ በኋላ የሙሉ ሌሊት እንቅልፍ ማግኘት ካልተቻለ ወይ የሰኞውን ተራ ከሰዓት በኋላ አስደርጉ፣ ወይ የእሁዱን ትታችሁ ቅዳሜን ብቻ ያዙ፤ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜም መሄድ ይቻላል። ከእነዚህ አንዱም ካልተቻለ የቀሩት ሦስቱ መልሶች ምንም ያህል ቢያምሩ ሥራውን ተዉት። በዚህ ጉዳይ የመጨረሻው ድምፅ መናገር የማይችለው የሰኞው ሕመምተኛ ነው።



ከታዳሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

*ተማሪ፦ ሲስተር፣ እኛ ከተመረቅን በኋላ ዋና ሥራ ሳናገኝ ብዙ ልንቆይ እንችላለን። ለእኛም ስሌቱ ያው ነው?*

አይደለም፤ ደግ ጠየቅህ። ዋና ሥራ የሌለው ሰው ሰኞ የሚጠብቀው ሕመምተኛ የለበትም፤ ዕረፍቱንም በሳምንቱ መሐል ያገኛል። የሚያገኘው ልምድ ደግሞ ለቀጣዩ ቅጥር ይጠቅመዋል። በሰዓት የሚቀረው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ያዘው እልሃለሁ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንደሚሰጡህም አስቀድመህ አረጋግጥ። ዋና ሥራ ባገኘህ ቀን ግን ስሌቱን እንደ አዲስ ሥራው።

*መምህር፦ ችግሩ የደመወዝ ማነስ ሆኖ ሳለ ሸክሙን በነርሷ ስሌት ላይ መጣል አይሆንም ወይ?*

ትችቱን እቀበላለሁ። ደመወዝ ኑሮን ቢችል ይህን ገለጻ ማቅረብ ባላስፈለገኝ ነበር። ተቋማትም የሰኞን ተራ በማስተካከል፣ የውስጥ ዱቲን በፍትሐዊነት በማከፋፈልና ክፍያውን በወቅቱ በመፈጸም ብዙ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ይህንን በማኅበርም በስብሰባም መጠየቅ ይገባናል። ነገር ግን ያ እስኪሆን ድረስ ሰኞ ጠዋት አምፑሉን የሚይዘው የነርሷ እጅ ነው። የእኔን እጅ ያስቆመችው አንዲት ባልደረባ ናት። ሁልጊዜ እንዲህ ያለች ሰው አጠገባችን ትኖራለች ብለን ግን መተማመን አንችልም።